የበረዶው እድፍ

በዚህ ጽሑፍ የምናወጋው ስለ አንድ እድፍ ነው። «እድፍ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» የሚል ጓደኛ እንደማይጠፋ እናውቃለን። የነገሥታቱንና የጦርነቱን ታሪክ የሚጽፍ ሞልቷል። እኛ ለዛሬ የምንተርከው በዋልታ ባሕር በረዶ ላይ ስለሚታይ አንድ ቡናማ እድፍ ነው፤ መርከበኞች አመድ ነው ብለው ያለፉት፣ ሊቃውንትም ስሙን ካወቁ በኋላ በበረዶው ላይ ምን እንደሚሠራ ሳይጠይቁት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል የቆዩ እድፍ። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አንባቢ ይወቅልን።

ነገሩ የሚጀምረው በ1839 ነው። ጄምስ ክላርክ ሮስ የሚባል የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ኤረበስና ቴረር የተባሉ ሁለት መርከቦች ይዞ ወደ ደቡብ ዋልታ ተነሣ። የጉዞው ዋና ዓላማ የምድርን የመግነጢስ ኃይል መለካት ነበር። ከተጓዦቹ አንዱ የኤረበስ ረዳት ሐኪምና የዕፀዋት አጥኚ ጆሴፍ ሁከር ነው፤ ሲነሣ ዕድሜው 22 ዓመት ብቻ፣ ማለትም የኛው የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪ እኩያ። በጥር 1841 መርከቦቹ የበረዶውን ቀበቶ ሰንጥቀው ዛሬ የሮስ ባሕር ወደሚባለው ሲገቡ፣ አንድ በበረዶ የተሸፈነ ተራራ እሳትና ጢስ ሲተፋ አዩ። በመርከባቸው ስም ኤረበስ አሉት። በአቅራቢያው ያለውንም የባሕር ወሽመጥ በቴረር ላይ በነበረ መኮንን ስም ማክመርዶ ብለው ሰየሙት። ይህን ስም አንባቢ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚያ አካባቢ አዲስ የረጋው በረዶ ነጭ መሆኑ ቀርቶ ቢጫና ቡናማ ነገር ገብቶበት አገኙት። ከዚያው ወስደው በወረቀት ቢያጠሉት ፈዛዛ ቢጫ ዝቃጭ ቀረላቸው። ከእሳተ ገሞራው የዘነበ የላመ አመድ መሆን አለበት ብለው ገመቱ። ማን ይፈርድባቸዋል? ተራራው ፊት ለፊታቸው እየጨሰ ከአመድ ሌላ ምን ይጠርጥሩ?

ናሙናው በርሊን ለነበረው ለክርስቲያን ጎትፍሪድ ኤረንበርግ ደረሰ። ስለዚህ ሰው ጥቂት ማለት ይገባናል፤ ለኛ አካባቢ ባዳ አይደለምና። ከ1820 እስከ 1825 ከጓደኛው ከዊልሄልም ሄምፕሪኽ ጋር ግብፅንና የቀይ ባሕርን ዳርቻ ሲዞር ቆይቷል። ሄምፕሪኽ በ1825 ምጽዋ ላይ በንዳድ ታሞ ሞተ፤ ኤረንበርግም ጓደኛውን እዚያው ትቶ ብቻውን ወደ አገሩ ገባ። ከዚያ ቀደም ብሎ ግን፣ በ1823፣ በሲና ጠረፍ ጡር በምትባለው ወደብ አጠገብ ባሕሩ ደም መስሎ አይቶ ነበር። ሌላው ሰው ቢሆን ተአምር ነው ወይም መቅሠፍት ነው ብሎ ያልፈው ይሆናል። እሱ ግን ውሃውን ቀድቶ በማይክሮስኮፕ መረመረውና ቀለሙ የጥቃቅን አልጌዎች ክምችት መሆኑን ደረሰበት። እንግዲህ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ከደቡብ ዋልታ የመጣው ቢጫ «አመድ» የወደቀው እንዲህ ያለ ሰው እጅ ላይ ነው። የቀይ ባሕርን ቀለም የፈታ ሰው በበረዶው እድፍ አይታለልም። መርምሮም አመድ አለመሆኑን፣ ይልቁንም ዲያቶም የሚባሉ ፍጥረታት ቅርፊት መሆኑን አስታወቀ።

ዲያቶም ባለ አንድ ሴል አልጌ ነው። በዓይን አይታይም። ሴሏ የምትቀመጠው እንደ መሶብ ከነክዳኑ በሚገጥሙ ሁለት የመስተዋት ቅርፊቶች ውስጥ ነው፤ መስተዋት ስንል ለማሳመር አይደለም፣ ቅርፊቱ የሚሠራው ከአሸዋና ከመስኮት መስተዋት ዘመድ ከሲሊካ ነውና። ኤረንበርግ እነዚህን ፍጥረታት እንስሳት ናቸው ይል ነበር። ወጣቱ ሁከር ግን በ1847 ባሳተመው የአንታርክቲካ ዕፀዋት መጽሐፉ ከዕፀዋት ወገን መደባቸው። ከ60ኛው እስከ 80ኛው የደቡብ ኬክሮስ ባለው ባሕርና በረዶ ቍጥር ሥፍር እንደሌላቸው፣ ሌላ ሣር ቅጠል በሌለበት በዚያ አገር የእንስሳቱ ሁሉ ምግብ መነሻም እነሱ እንደሆኑ ገለጠ። በዚህ ክርክር የረታው ሁከር ነው።

በነገራችን ላይ፣ እነዚያው ሁለት መርከቦች በ1845 በሌላ አዛዥ፣ በጆን ፍራንክሊን፣ ወደ ሰሜን ዋልታ ተልከው በበረዶ ተያዙና ከተሳፈሩት 129 ሰዎች አንድም አልተመለሰም። የኤረበስ ስብርባሪ በ2014፣ የቴረር በ2016 ከካናዳ ባሕር ሥር ተገኘ። ከነሱ ኋላ የመጣው ኖርዌያዊው ፍሪድቾፍ ናንሰን ብልሃቱን ለወጠ፤ በ1893 ፍራም የምትባለውን መርከቡን ሆን ብሎ በበረዶ አስያዛትና ከበረዶው ጋር ሲንሳፈፍ ከረመ። እሱም በበረዶው ላይ ባቆሩ ኩሬዎች ውስጥ ዲያቶሞችን አገኘ፤ ማይክሮስኮፑን ይዞ ብዙ ሰዓት አጠናቸው። እንዲህ እያለ የእድፉ ማንነት ከደቡብም ከሰሜንም ተረጋገጠ። ስሙ ታወቀ፣ ሥዕሉ ተሣለ፣ በየመዝገቡ ገባ።

ታዲያ ጥያቄው እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት? የለም። እንዲያውም ገና አልተጠየቀም። ይህን ለመረዳት የባሕር በረዶ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን በረዶ ስንል ትዝ የሚለን በክረምት ቆርቆሮ የሚደበድበው ነው፤ ወይም ከማቀዝቀዣ የሚወጣው ድፍን ነገር። የባሕር በረዶ እንዲህ አይደለም። የባሕር ውሃ ጨው ስላለበት ዜሮ ላይ አይረጋም፤ ከዜሮ በታች 1.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው የሚረጋው። ሲረጋም የውሃው ሞለኪውሎች እርስ በርስ ተሰልፈው ክሪስታል ሲሠሩ ጨውን ከመካከላቸው ገፍተው ያስወጡታል። የተባረረው ጨው የት ይግባ? በክሪስታሎቹ መካከል፣ ሳይረጋ በቀረ ጥቂት ውሃ ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ የባሕር በረዶ እንደ እንጀራ ዓይን የበዛበት ነገር ነው፤ ዓይኖቹ ግን አየር ሳይሆን ጨው የበዛበት ውሃ የሞላባቸው ቀጫጭን ቦዮችና ጉድጓዶች ናቸው። ቅዝቃዜው ሲብስ ቦዮቹ ይጠባሉ፣ ውሃው ይበልጥ ይጨምታል። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ በቦዮቹ ውስጥ ያለው ውሃ ከተራ የባሕር ውሃ አራት እጥፍ ያህል ጨዋማ ነው።

እንግዲህ ዲያቶሞቹ የሚኖሩት እዚያ ውስጥ ነው። ክረምቱን የሚያሳልፉት በጨለማ፣ በጠበበ ቦይ፣ በአራት እጥፍ ጨው ውስጥ፣ የመርፌ ጫፍ በመሰሉ ክሪስታሎች ተከብበው ነው። ፀሐይ ስትመለስ በበረዶው ታችኛው ገጽ ላይ ይራባሉ፣ ያን ጊዜ በረዶው ቡና እንደፈሰሰበት ነጠላ ይሆናል።

በ1956 አሜሪካኖች በዚያው በማክመርዶ፣ በኤረበስ ተራራ ግርጌ፣ የምርምር ጣቢያ አቋቋሙ። በ1959 አሥራ ሁለት መንግሥታት የአንታርክቲካን ስምምነት ሲፈርሙ ከአፍሪካ የነበረው ፈራሚ ደቡብ አፍሪካ ብቻ ነበር፤ እሱም በዚያን ዘመን የአፓርታይድ መንግሥት። የአንድ አህጉር ሳይንስ በማን እጅ እንደተጀመረ ማወቅ አይከፋምና ይህን በቅንፍ እንዳልን ይቆጠርልን። በ1960ዎቹ ጆን በንት የተባለ አውስትራሊያዊ በማክመርዶ የባሕር በረዶ አልጌዎችን ሲያጠና፣ እድፉ ዝም ብሎ የተቀበረ ሬሳ ሳይሆን በዚያ ደብዛዛ ብርሃን ምግብ የሚሠራ ሕያው እርሻ መሆኑን አሳየ። ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም ጥያቄው አሁንም «አልጌው በበረዶው ውስጥ እንዴት ይችለዋል?» የሚል ነበር። በረዶው ቤት ነው፤ አልጌው ተከራይ ነው። ተከራይ ደግሞ የተሰጠውን ቤት ችሎ መኖር ነው እንጂ ግድግዳ አይነካም። እኛ እንደሚመስለን ብዙ ዘመን ያስፈጀው ይህ አስተሳሰብ ነው።

ግድግዳውን ማየት የመጣው ባልታሰበ በኩል፣ ከዓሣ ነው። ዓሣ በደሙ ያለው ጨው ከባሕሩ ያነሰ ስለሆነ፣ የብዙ ባሕር ዓሣ ደም ከዜሮ በታች 0.7 ወይም 0.8 ዲግሪ ገደማ ላይ ይረጋል። የዋልታ ባሕር ግን ከዜሮ በታች 1.8 ነው። በሒሳቡ መሠረት እዚያ ያለ ዓሣ ሁሉ ድርቅ ብሎ መገኘት ነበረበት። በ1950ዎቹ ፔር ሾላንደር ከባልደረቦቹ ጋር በላብራዶር ጠረፍ ይህን ሲያጠና፣ በጥልቁ የሚኖሩት ዓሣዎች ከመርጊያቸው ነጥብ በታች ቀዝቅዘው ሳይረጉ የሚኖሩ ሆነው አገኛቸው። ቁራጭ በረዶ ከነካቸው ግን ወዲያው ይረጋሉ። ጥልቁ ያዳናቸው በረዶ ስለማይደርስበት ብቻ ነው። በረዶ መሀል እየዋኙ የማይረጉትስ? ይህን የመለሰው በ1960ዎቹ በማክመርዶ የሠራው አርተር ዴቭሪስ ነው። በ1969 ከዶናልድ ዎልሽላግ ጋር ባሳተመው ጽሑፍ፣ በአንታርክቲካ ዓሣ ደም ውስጥ ስኳር የተያያዘበት ፕሮቲን፣ ግላይኮፕሮቲን፣ እንዳለና ከመርጋት የሚጠብቀውም እሱ እንደሆነ ገለጠ። በ1977 ደግሞ ጄምስ ሬይመንድና ዴቭሪስ አሠራሩን አስረዱ፤ ፕሮቲኑ በክሪስታሉ ገጽ ላይ ተለጥፎ እንደ ችካል ይቆማል፣ በረዶውም በችካሎቹ መካከል ካልሆነ ማደግ አይችልም፣ ለማደግም ይበልጥ ቅዝቃዜ ይጠይቃል። ጨው ውሃውን ይቀይራል፤ ይህ ግን በረዶውን ራሱን ይይዛል። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ይኸው ሬይመንድ ነው በኋላ ወደ እድፉ ዞር ያለው። በ1994 ከኮርኔሊየስ ሱሊቫንና ከዴቭሪስ ጋር ሆኖ፣ የአንታርክቲካ የባሕር በረዶ ዲያቶሞች በበረዶ ላይ የሚሠራ ንጥረ ነገር ወደ ውጭ እንደሚለቁ አሳወቀ። ምርመራው ሲነገር ቀላል ነው፤ ዲያቶሞቹ ባሉበት ውሃ ውስጥ አንድ የበረዶ ክሪስታል እንዲያድግ ይተዉታል፣ ከዚያም በማይክሮስኮፕ ገጹን ያዩታል። በንጹሕ ውሃ ያደገ ክሪስታል ገጹ ልሙጥ ነው። በዲያቶሞቹ ውሃ ያደገው ግን ፈንጣጣ እንዳለቀቀው ፊት የተጎዳጎደ ሆኖ ተገኘ። አንድ ነገር ተለጥፎበት እንዳያድግ ከልክሎታል ማለት ነው። ከሙቅ ባሕር የመጡ ዲያቶሞች ሲሞከሩ ይህ ጠባይ አልታየባቸውም፤ ንጥረ ነገሩም ሲሞቅ ጉልበቱን ያጣል፣ ይህም ፕሮቲን ለመሆኑ ምልክት ነው። ቦታውን አስተውሉልን፤ ሮስ የሰየመው ያው ማክመርዶ ነው። ከተራራው የዘነበ አመድ ነው ተብሎ በተጠረጠረበት ባሕር፣ ከ153 ዓመት በኋላ «ይህ እድፍ በረዶውን ምን ያደርገዋል?» የሚለው ጥያቄ ገና መጠየቁ ነው።

አሁን ክርክሩ ጀመረ። ዓሣው ፕሮቲኑን በደሙ ይይዘዋል፤ ዲያቶሟ ግን ወደ ውጭ ትለቀዋለች። ለምን? ከመርጋት ለመዳን ነው እንዳይባል፣ ንጥረ ነገሩ የመርጊያውን ነጥብ የሚቀንሰው በጥቂቱ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ዲያቶሟ የምትኖረው ገና ባልረጋ ጨው ውሃ ውስጥ ስለሆነ እንደ ዓሣው ቸኩላ የምትሸሸው ሞት የለባትም። ሬይመንድ በ2003 ከቻርልስ ናይት ጋር ያወጣው ጽሑፍ አንድ መልስ አቀረበ። (ናይት የታወቀው ከሰማይ የሚወርደውን በረዶ በማጥናት ነው፤ በኛ ቋንቋ ሁለቱም «በረዶ» መባላቸው ለሱ ትክክለኛ ማዕርግ ይመስለናል።) አይስክሬም ቀልጦ ተመልሶ ሲረጋ ምላስ ላይ አሸዋ አሸዋ የሚለው ለምንድን ነው? ትልልቆቹ ክሪስታሎች ትንንሾቹን እየበሉ ስለሚያድጉ ነው። በባሕር በረዶም ቅዝቃዜው ከፍ ዝቅ ባለ ቍጥር ይህ ይሆናል፣ ያደገው ክሪስታልም ሴሏን ይወጋታል፣ ይጨፈልቃታል። ንጥረ ነገሩ ይህን መበላላት አጥብቆ እንደሚያግድ በሙከራ ታየ። ንጥረ ነገሩ ባለበት ረግተው የቀለጡ ዲያቶሞችም ከሌሉበት ይልቅ ብዙዎቹ በሕይወት ተገኙ።

በ2006 ማይክል ጃነችና ባልደረቦቹ፣ ሬይመንድም ከመካከላቸው ሆኖ፣ የፕሮቲኑን ዘር በሁለት የበረዶ ዲያቶሞች፣ በናቪኩላና በፍራጂላሪዮፕሲስ፣ አነበቡት። በማለዳ ማይክሮስኮፕ የተጀመረው ታሪክ እዚህ ላይ ያልተጠበቀ ዘመድ አወጣ። ፕሮቲኑ ከዓሣው ጋር አይመሳሰልም። የተመሳሰለው በበረዶ ሥር ሣር ከሚያበሰብስ ሻጋታና ከባክቴሪያ ፕሮቲን ጋር ነው። በሙቅ ውሃ በሚኖረው ዲያቶም ዘር ውስጥ ደግሞ ጨርሶ የለም። ይህ እንዴት ሆነ? ዘር እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል ብለን ነው የተማርነው። እዚህ ግን ከሌላ ወገን፣ ምናልባትም እዚያው ቦይ ውስጥ ጎረቤት ከሆነ ባክቴሪያ፣ የተወሰደ ይመስላል። ሬይመንድና ኪም በ2012 ይህንኑ አስፋፍተው፣ አልጌዎች የባሕር በረዶን ለመያዝ የበቁት በዚህ ዓይነት ብድር ሊሆን ይችላል አሉ። በበረዶው ውስጥ በምትኖር አንዲት ጥቃቅን ቅርፊት ለባሽ እንስሳም ተመሳሳይ ፕሮቲን ከተገኘ ወዲህ፣ የጎረቤት ወንፊት የተዋሰች አልጌዋ ብቻ አለመሆኗ ታውቋል።

ፕሮቲኑ ብቻውን አይደለም። ዲያቶሞቹ ከሱ ጋር እንደ ተልባ የሚዝለገለግ ሙጫም ያወጣሉ። በ2011 ክሪስቶፈር ክረምብስ፣ ሃዮ አይከንና ጆዲ ዴሚንግ፣ በአርክቲክ በረዶ ሥር እንደ ፀጉር ተንጠልጥሎ የሚያድገው ሜሎሲራ የሚባል ዲያቶም የሚያወጣውን ሙጫ በላቦራቶሪ ከረጋ በረዶ ጋር አዋሕደው አጠኑ። ቦዮቹ ጠመዝማዛና የተወሳሰቡ ሆኑ፤ ጨው ውሃውም በቶሎ መፍሰሱ ቀርቶ በበረዶው ውስጥ በብዛት ተያዘ። ጨው ውሃ የያዘ በረዶ ለአልጌ የሚመች በረዶ ነው። እንግዲህ ተከራይ ያልነው ነገር ጭቃ አቡክቶ ግድግዳውን ሲመርግ ተያዘ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን ከጓደኞቻችን ጋር ብዙ ተከራክረናል። አንዱ ወገን፣ «ወደ ውጭ የሚለቀቅ ነገር የሕዝብ ነው፤ ላመረተውም ላላመረተውም እኩል ይጠቅማል። ታዲያ ዕቁብ ሳይጥል ዕጣ የሚደርሰው ካለ፣ የሚጥለው ሞኝ አይሆንም? ተፈጥሮ ሞኝን እንዴት አስቀረች?» ይላል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። በሰፊ ባሕር ቢሆን ክርክሩን በተቀበልን ነበር፤ የተለቀቀው በማዕበል ተበትኖ ይቀራልና። በበረዶው ውስጥ ግን ቦዩ ጠባብ ነው፣ የተለቀቀውም እዚያው ይከማቻል፣ ከዚያም አልፎ ክሪስታሉ ላይ ይለጠፋል። በዚያች ቦይ ውስጥ ያሉት ጎረቤቶችም በአብዛኛው ከአንዲት እናት ሴል የተከፈሉ ናቸው። ጥቅሙ ከቤት አይወጣም። የኛ አስተያየት ይህ ነው። አልጌዋ «አስባ» ቤት ሠራች ለማለት ግን አንደፍርም፤ አንዳንድ ጽሑፎች እንደ መሐንዲስ ሲያደርጓት እናያለን፣ ያ ከልክ ያለፈ ነው። ፕሮቲኑ ክሪስታል እንደሚይዝ ተመስክሯል። ቦዩን ክፍት ለማድረግ፣ ሴሏን ከመወጋት ለማዳን፣ ወይስ ጨው ውሃውን ለማቆየት ይበልጥ ይረዳል የሚለው ግን አሁንም ያከራክራል፤ ሁሉም በያለበት ሊሠራ ይችላል።

በረዶን የሚከለክል ፕሮቲን ካለ፣ በረዶን የሚጠራም አለ። ይህ የሌላ ሰፊ ታሪክ ጫፍ ስለሆነ በአጭሩ እንለፈው። በደመና ውስጥ ያለ ጠብታ ከዜሮ በታች ብዙ ዲግሪ ቀዝቅዞም ሳይረጋ ሊቆይ ይችላል፤ ለመርጋት እንደ ሊጡ እርሾ ይፈልጋል። በ1970ዎቹ ራስል ሽኔል እንዲህ ያለው እርሾ ከበሰበሰ ቅጠልና ከባሕር ጥቃቅን ዕፀዋት እንደሚገኝ አሳየ፤ በ1982ም በጎረቤታችን በኬንያ፣ በረዶ ሻይ ተክሉን እየደበደበ በሚያስቸግርበት በኬሪቾ፣ ከሻዩ ሥር የተነጠፈው ብስባሽ ራሱ የበረዶ እርሾ ምንጭ መሆኑን ጽፏል። በ2015 ደግሞ ከአርክቲክና ከሰሜን አትላንቲክ ባሕር ገጽ በተሰበሰበ ስስ ሽፋን ውስጥ ከዲያቶም የሚወጣ በሚመስል ነገር ጠብታ እንደሚረጋ ታወቀ፤ ነፋስ ከማዕበሉ ጋር ወደ ሰማይ ያነሣዋል። ያቺ በቦይ ውስጥ በረዶ የምታግድ ወገን፣ ዘመዶቿ ደመና ውስጥ በረዶ ይጠራሉ።

ይህ ሁሉ ለምን ያስጨንቀናል? በ1980ዎቹ በመስከረም ወር፣ ማለትም የአርክቲክ በረዶ በጣም በሚያንስበት ጊዜ፣ ስፋቱ 7 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ካሬ ያህል ነበር። በመስከረም 2012 ወደ 3.4 ሚሊዮን ወረደ። በደቡቡም በየካቲት 2023 ወደ 1.8 ሚሊዮን ገደማ ደርሶ እስከዚያ ከተለካው ሁሉ ዝቅተኛው ሆነ። ዓሣ ነባሪውና ፔንግዊኑ የሚኖሩበት ክሪል በልጅነቱ ክረምቱን የሚሻገረው በበረዶው ሥር ያለውን አልጌ እየጋጠ ነው። ዲያቶሟ ክሪስታል እንዳያድግ መከልከል ትችላለች፣ ቦይ ማቆየት ትችላለች፣ ጨው ማስቀረት ትችላለች፤ በረዶው ጭራሽ ካልረጋ ግን የምትይዘው ነገር የላትም። በብድር ያገኘችው ዘር የሚሠራው በረዶ ሲኖር ነው።

በዚያው በ2012 በጋ የጀርመኗ የምርምር መርከብ ፖላርሽተርን ወደ መካከለኛው አርክቲክ ገብታ ነበር። በአንቲዬ ቦኤቲየስ የሚመሩት ተመራማሪዎች ካሜራ ወደ ታች ሲያወርዱ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነ ጥልቀት፣ በባሕሩ ወለል ላይ ቡናማ ጉብታ ጉብታ ተበትኖ አዩ። ሜሎሲራ ነበር። ላዩ ያለው በረዶ ሲቀልጥ የተንጠለጠለበት ጣሪያ ለቅቆት ወርዶ፣ እዚያ ጨለማ ውስጥ ተከምሯል። የባሕር ኪያር የሚሏቸው ዝልግልግ እንስሳት ዙሪያውን ተሰብስበው ይበሉት ነበር።